መመረቂያ ጽሑፉን ማን ያነበዋል? የኮሌጅ ኩረጃ ከፈተና አዳራሽ ውጭ

ግንቦት ሲጋመስ በየዩኒቨርሲቲው በር ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረፋ ይያዝባቸዋል። ተመራቂው መመረቂያ ጽሑፉን ያሳትማል፣ ያስጠርዛል፣ ሽፋኑ ላይ ስሙንና የአማካሪውን ስም ያስጽፋል። ከዚያ ጥራዙ ለትምህርት ክፍሉ ይገባና መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ላብራራው የምፈልገው የዚያን ጥራዝ ጉዳይ ነው፤ የሌላ ሰው ሥራ እንዴት እንደሚገባበት፣ ለምን ሳይታወቅ እንደሚያልፍ፣ ምን ቢደረግ እንደሚቀንስ።

በአገራችን ስለ ኩረጃ የሚወራው አብዛኛው የፈተና አዳራሽ ወሬ ነው። ምክንያትም አለው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ እንደገና ተሰጥቷል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ፣ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ርቀው ያለ ስልክ ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ያ ቁጥር ብዙ ነገር ይናገራል፤ ስለ ማስተማሩም ስለ ቋንቋውም። ሕዝቡ የያዘው ግን አንዱን ነው፤ «ኩረጃው ሲዘጋ ይኸው» አለ። ከዚያ ወዲህ መፍትሔ ሲባል የሚታሰበው ፍተሻ፣ ካሜራና ጥበቃ ሆኗል።

አንድ ተማሪ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ግን ውጤቱ የሚሰበሰበው ከፈተና ብቻ አይደለም። አሳይመንት አለ፣ ፕሮጀክት አለ፣ የላብራቶሪ ሪፖርት አለ፣ በመጨረሻም መመረቂያ ጽሑፍ አለ። እነዚህ የሚሠሩት ዶርም ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ ነው፤ ፈታኝ የሚቆምበት ቦታ የለም። እኔ የምለው አጭር ነው፦ በኮሌጅ ደረጃ ኩረጃ ቤቱን የሠራው ማንም በማያነበው ሥራ ውስጥ ነው። መምህሩ በማያነበው ጽሑፍ ላይ ተማሪው አይደክምም፤ ያልደከመበትን ደግሞ ከሌላ ያመጣዋል።

ምኑ ኩረጃ ነው፣ ምኑ አይደለም?

በአጤሬራ መፈተን፣ ከጎን ሰው ወረቀት መገልበጥ፣ በሌላ ሰው ስም መፈተን ማብራሪያ አይሻም። ያደረገው ሰው ምን እንዳደረገ ያውቃል። አስቸጋሪዎቹ ሌሎቹ ናቸው፤ አድራጊው ራሱ «ይህማ ኩረጃ አይደለም» ብሎ የሚያምንባቸው።

የግሩፕ ሥራን እንውሰድ። ሽፋኑ ላይ የአምስት ሰው ስም አለ፣ የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ሦስቱ ለሕትመት ብር አዋጥተዋል። በጓደኝነት ዓይን ሲታይ መረዳዳት ነው፤ አንዱ ታሞ ነበር፣ አንዷ ቤተሰብ ሄዳ ነበር። መምህሩ ግን ለአምስቱም እኩል ማርክ ሲሰጥ ሦስቱ ያልሠሩትን ሠርተናል ብለው ፈርመዋል። ያልሠራው ስሙ ከሽፋኑ እንዳይቀር ወዳጆቹን መለመኑ የተለመደ ነው፣ እምቢ ያለው ደግሞ ክፉ ይባላል። በዚህ ጉዳይ ጥፋቱን ተማሪው ላይ ብቻ መጫን ይከብደኛል፤ ማን ምን እንደ ሠራ ሳይጠይቅ አንድ ማርክ ለአምስት የሚያድል መምህር የራሱ ድርሻ አለው።

ሌላው በቅርብ የሚመጣ ጉዳይ ቤት ተወስዶ የሚሠራ ፈተና ነው። በዚህ ረገድ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የገጠመው ብዙ ያስተምራል። ስለ አሜሪካ ኮንግረስ በሚሰጥ አንድ ኮርስ 279 ተማሪዎች የማጠቃለያ ፈተናቸውን ቤት ወስደው እንዲሠሩ ተደረገ። መጽሐፍም ኢንተርኔትም ማየት ተፈቅዶ ነበር፤ የተከለከለው ከሌላ ሰው ጋር መነጋገር ነው። ወረቀቱ ሲታረም ተመሳሳይ አረፍተ ነገሮች ተገኙና 125 ያህል ተማሪዎች ተጠረጠሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለተወሰነ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲው እንዲወጡ ተደረገ። ብዙዎቹ ሲከራከሩ የነበረው «ሁሉም ነገር ክፍት ነው ተባልን፣ ታዲያ ጓደኛ ማማከር ለምን ይዘጋል?» እያሉ ነበር። ከኢትዮጵያ ለማስተርስ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ የሚሄድ ተማሪ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። እዚህ አብሮ ማጥናትና አብሮ መሥራት አንድ ሆኖ ነው የኖረው። እዚያ አብሮ ማጥናት ይበረታታል፤ መልሱን አብሮ መጻፍ ግን መምህሩ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ያስከስሳል። ኮርሱ ሲጀመር የሚታደለውን ወረቀት ማንበብና ያልገባውን በኢሜይል መጠየቅ ከሁሉ በፊት የሚደረግ ነው።

መረጃ መፍጠርም አለ። ተማሪው 200 መጠይቅ አትሞ ይወጣል፤ ሰው አይቀበለውም፣ ቢሮው ነገ ተመለስ ይለዋል፣ ቀነ ገደቡ ይደርሳል። ከዚያ ዶርም ቁጭ ብሎ በተለያየ እስክሪብቶ ይሞላዋል። ከሁሉም የኩረጃ ዓይነት ይህ ይከፋል እላለሁ። የተገለበጠ አንቀጽ ቢያንስ አንድ ቦታ እውነት ነበር፤ ዶርም ውስጥ የተሞላ መጠይቅ ግን የትም ያልነበረ ሕዝብ ያልተናገረው ቃል ነው። ጥናቱ የጤና ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣ አጥኚ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይነሣል።

በአንቀጽ ላይ እንየው

ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ግን የሰው ጽሑፍ እንዴት እንደሚወሰድ ባለማወቅ ነው። «ቃላቱን ቀይሬዋለሁ እኮ» ይላል። በምሳሌ ላሳይ። አንድ የግብርና መጽሐፍ እንዲህ ይላል እንበል፦

«የቡና አርሶ አደሩ ምርቱን አድርቆ ከመሸጥ ይልቅ በእሸቱ የሚሸጠው ዋጋው ስለሚሻለው ሳይሆን፣ ገንዘቡ ቶሎ ስለሚያስፈልገው ነው።»

አንዱ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«የቡና ገበሬው ምርቱን ከማድረቅ ይልቅ እሸቱን የሚሸጠው የተሻለ ዋጋ ስለሚያገኝ ሳይሆን፣ ብሩ ፈጥኖ ስለሚያስፈልገው ነው።»

«አርሶ አደር» «ገበሬ» ሆነ፣ «ገንዘብ» «ብር» ሆነ፣ «ቶሎ» «ፈጥኖ» ሆነ። የአረፍተ ነገሩ አጥንት አልተነካም፤ ሐሳቡ የማን እንደ ሆነም አልተነገረም። ይህ ኩረጃ ነው፤ ምንጩ ከሥሩ ቢጠቀስ እንኳ የሌላውን አረፍተ ነገር የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውና አይድንም። ሁለተኛው ተማሪ ደግሞ እንዲህ ጻፈ፦

«እንደ መጽሐፉ ደራሲ አባባል፣ አርሶ አደሩን እሸት የሚያሸጠው የእጅ ማጠር እንጂ ዋጋ አይደለም። እንዲህ ከሆነ ብድር ያገኘ ቤተሰብ ቡናውን አድርቆ ሊሸጥ ይገባ ነበር፤ እኔ ካነጋገርኳቸው መካከል ግን ብድር አግኝተውም እሸት የሚሸጡ አሉ።»

ይህ ተማሪ ከመጽሐፉ ሐሳቡን ወሰደ፣ ባለቤቱን ተናገረ፣ ከዚያ ሐሳቡን ሜዳ ወስዶ ፈተነው። መምህር የሚፈልገው ይህን ነው። ምንጭ የሚጠቀሰው ለቅጣት ማምለጫ ተብሎ አይደለም፤ አንባቢው የትኛው ሐሳብ ከየት እንደ መጣ ለይቶ፣ የተማሪውን ድርሻ እንዲያይለት ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። አንቀጹን አንብብ፣ መጽሐፉን ዝጋ፣ ለጓደኛህ እንደምታስረዳ አድርገህ ጻፍ፣ ከዚያ መጽሐፉን ክፈትና ያዛባኸው ነገር ካለ አስተካክል። መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ የምትጽፈው ከጠፋህ ችግሩ አጻጻፍህ አይደለም፣ አልገባህም፤ ተመልሰህ አንብብ።

እዚህ ላይ በአገራችን ተማሪ ላይ የተጫነ አንድ ትልቅ ሸክም አለ። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስበው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋው ነው። አሥር ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባል ሐሳቡ እያለው አረፍተ ነገሩ ይጎድለዋል፤ የጎደለውን አረፍተ ነገር ካገኘበት ይለጥፋል። ይህን የሚያደርግ ልጅና ሙሉ ጥራዝ የሚገዛ ልጅ በአንድ ዓይን ሲታዩ ሳይ ይከፋኛል። የመጀመሪያው መማር ያለበት ነገር አለ፤ ወረቀቱ ተመልሶለት እንደገና ሊጽፈው ይገባል። ሁለተኛው አውቆ ገዝቷል። ለልጁ የምመክረው ረቂቁን መጀመሪያ በሚያስብበት ቋንቋ እንዲጽፈው ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲመልሰው አረፍተ ነገሩ ቢንገዳገድም የራሱ ይሆናል።

የተገዛ ጥራዝና 384 ቁጥር

መመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ መሥራት የተደበቀ ንግድ አይደለም። በቴሌግራም ማስታወቂያ ይወጣለታል፤ «ርዕስ ከመምረጥ እስከ ዲፌንስ» ይላል፣ ፕሮፖዛሉ ለብቻ፣ ትንተናው ለብቻ ዋጋ አለው። ርካሹ ደግሞ የዱሮ ጥናት ሶፍት ኮፒ አግኝቶ የቦታውን ስም መቀየር ነው። ሪፕሌስ የምትለዋን ትእዛዝ መጫን ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን የነበረው ሁሉ ሐዋሳ ይሆናል። ኮምፒውተሩ የማያውቀው ግን ቀጣዩን መስመር ነው፦ «ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን አየሯ ቀዝቃዛ ነው።» ሐዋሳ የምትገኘው 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ያውም ሐይቅ ዳር። ያን ገጽ ያነበበ ሰው ወዲያው ይይዘዋል። ካላነበበው ጥራዙ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ያልፋል።

ንግዱ የኛ ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ፣ በተለይ ናይሮቢ፣ ሥራ ያጡ ምሩቃን ለአሜሪካና ለብሪታንያ ተማሪዎች ጽሑፍ እየሠሩ የሚተዳደሩባት ከተማ ሆና በዓለም ትታወቃለች። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ ይህን አገልግሎት የሚሸጥ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2022 ሽያጩንና ማስታወቂያውን በሕግ ከልክላለች። ሁለቱም ሕጎች ያነጣጠሩት ሻጩ ላይ ነው፤ የገዛውን ተማሪ ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲው ትተውታል። ይህ አካሄድ ትክክል ይመስለኛል። ተማሪው አንዴ ይገዛል፤ ሻጩ በየዓመቱ ለመቶው ይሸጣል።

የተገዛ ጥራዝ በዲፌንስ ቀን፣ ማለትም ተማሪው ጥናቱን ፈታኞች ፊት ቀርቦ በሚያስረዳበት ቀን፣ እንዴት ይጋለጣል? በጣም ቀላል በሆነ ጥያቄ ነው። አገር ውስጥ በሚሠሩ ጥናቶች፣ በተለይ በጤናና በማኅበራዊ ሳይንስ፣ የናሙናው ብዛት ብዙ ጊዜ 384 ወይም 385 ነው። በዚያ ላይ መልስ የማይሰጥ ሰው ይኖራል ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ወይም 423 ይሆናል። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የ95 በመቶ እርግጠኝነትን የሚወክለው 1.96 በራሱ ይባዛል፤ የሚጠናው ነገር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደ ሆነ ስለማይታወቅ 0.5 ተወስዶ በቀሪው 0.5 ይባዛል፤ ያ ሁሉ ለሚፈቀደው የስሕተት ልክ፣ ለ0.05፣ ስኩዌር ይካፈላል፤ 384.16 ይመጣል። ራሱ የሠራ ተማሪ ይህን በቃሉ ባያስታውስ እንኳ «0.5 ለምን ወሰድክ?» ሲባል የሚለው አለው። «ከዚህ በፊት በዚህ ከተማ የተጠና ስለሌለ» ይላል፣ ወይም «አማካሪዬ አሳይቶኝ ነው» ይልና ቀመሩን ይጽፋል። ጥራዙን የገዛው ግን ስላይዱን መልሶ ያነባል። ፈታኙ አንድ እርምጃ ገፍቶ «ከ423ቱ መጠይቅ ስንቱ ተመለሰ? ያልመለሱት የየትኛው ቀበሌ ናቸው?» ቢለው ነገሩ ያልቃል፤ መጠይቅ ይዞ በፀሐይ የዞረ ሰው ያን አይረሳምና።

ችግሩ ጥያቄው አለመጠየቁ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ተማሪ ይቀርባል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ፈታኙ ጥራዙን ያገኘው ትናንት ማታ ነው። ስለዚህ አስተያየቱ በገጽ አቆጣጠር፣ በኅዳግ ስፋትና በምንጭ አጻጻፍ ላይ ይሆናል።

ሶፍትዌሩ ምን ያያል?

ብዙ ተቋማት ለማንበብ ጊዜ ሲያጡ ተርኒቲንን ወደመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ዞሩ። ሶፍትዌሩ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ የቀረበለትን ጽሑፍ ካከማቻቸው ድረ ገጾች፣ መጽሔቶችና የተማሪ ሥራዎች ጋር አስተያይቶ የሚመሳሰለውን በቀለም ያሳያል፣ የተመሳሰለውን ድርሻ በመቶኛ ይናገራል። ቁጥሩ የመመሳሰል ልክ ነው፤ የኩረጃ ፍርድ አይደለም። የምንጭ ዝርዝር፣ የሕግ አንቀጽ፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ ቃል፣ የተቋሙ የሽፋን ገጽ ሁሉ ይመሳሰላል። 25 በመቶ የወጣለት ሐቀኛ ጽሑፍ አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገዛ ሆኖ 4 በመቶ የሚወጣለትም አለ፣ ሻጩ አዲስ አድርጎ ጽፎታልና። ከአማርኛ ጥናት ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ የቀረበም በአብዛኛው አይያዝም። «ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ያልፋል» የሚል ደንብ ብቻውን ሲቀመጥ ተማሪው የሚማረው ቁጥሩን ማውረድ እንጂ መጻፍን አይደለም። መቶኛውን ያየ ሰው ቀለም የተቀቡትን መስመሮች አንድ በአንድ ካላነበበ ምንም አላየም።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ የተባለው፣ ሲጠየቅ ጽሑፍ የሚጽፍ ማሽን ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሶፍትዌር መጣ፤ ጽሑፉን ሰው ይጻፈው ማሽን እለያለሁ የሚል። ይህኛው የእኛን ልጆች በቀጥታ የሚነካ አደጋ ስላለው ረጋ ብለን እንየው።

እነዚህ መለያዎች በአብዛኛው የሚለኩት ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት መሆኑን ነው። ማሽን በብዛት የተለመደውን ቃል ይመርጣል፤ ስለዚህ የሚገመት ጽሑፍ የማሽን ነው ተብሎ ይጠረጠራል። አሁን እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነን ሰው አስቡት። የሚያውቀው የቃል ብዛት የተወሰነ ነው፤ የተማረውን የአረፍተ ነገር ቅርጽ ይደጋግማል፤ ስሕተት ፈርቶ የተለመደውን ቃል ይመርጣል። ለመለያው የእሱ ጽሑፍ የማሽን ይመስላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለተባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ለሰባት መለያዎች ሰጡ። ድርሰቶቹ ሁሉ በሰው የተጻፉ ናቸው፤ መለያዎቹ ግን በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑትን የማሽን ናቸው አሉ። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ድርሰት ሲያዩ እንዲህ አልተሳሳቱም።

ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ አውጥቶት የነበረውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አንሥቶታል። አሜሪካ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የተርኒቲንን የማሽን መለያ ዘጋ። ያቀረበው ስሌት ግልጽ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተርኒቲን የላከው 75,000 ወረቀት ነበር፤ መለያው አንድ በመቶ ብቻ ቢሳሳት 750 ያህል ወረቀቶች ያለ ጥፋታቸው በተጠረጠሩ ነበር።

እንግዲህ አንድ መምህር መለያው ያወጣለትን ቁጥር ይዞ ተማሪን «ማሽን ነው የጻፈልህ» ሊለው አይገባም። ተማሪውም ራሱን የሚከላከልበት ነገር አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል፦ ረቂቆቹን አይሰርዝ፣ በጎግል ዶክስ ላይ ከጻፈ የለውጥ ታሪኩ ደቂቃ በደቂቃ ይቀመጥለታል፣ በእጅ የያዘውን ማስታወሻም አይጣል። ከተከሰሰ ደግሞ «አልጻፈልኝም» ከማለት ይልቅ «ጠይቁኝ፣ ላስረዳ» ቢል ይበጀዋል።

ማሽኑን መጠቀም በራሱ ኩረጃ ነው ወይ? መልሱ መምህሩ በፈቀደው ላይ የተመሠረተ ነው። ሰዋስው ማስተካከል፣ ያልገባ ጽንሰ ሐሳብ ማስረዳት በብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ ምዕራፉን ማስጻፍ አይፈቀድም። ተማሪው ምን ላይ እንደ ተጠቀመበት በአንድ መስመር ቢገልጽ ከክርክር ይድናል። ሁሉም ማወቅ ያለበት አንድ አደገኛ ነገር ግን አለ፤ ማሽኑ የሌለ ምንጭ ይፈጥራል። የደራሲ ስም፣ የመጽሔት ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የገጽ ቁጥር ሁሉ አሟልቶ ያልታተመ ጽሑፍ ይሰጣል። ፈታኝ የሆናችሁ፣ ከምንጭ ዝርዝሩ ሦስቱን መርጣችሁ ርእሱን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ሦስቱም ከጠፉ፣ መለያ ሶፍትዌር አያስፈልጋችሁም።

ለምን ይበዛል?

ሰው ሰነፍ ስለሆነ የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ ብዙ ግን አያስረዳም። አሜሪካዊው ዊልያም ባወርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት በ99 ኮሌጆች ከ5,000 በላይ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአንድም በሌላም መንገድ እንደ ኮረጁ ነገሩት። ኢንተርኔት በሌለበት ዘመን ማለት ነው። ከእሱ በኋላ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ይህንኑ ያጠናው ዶናልድ ማኬብ ደጋግሞ ያገኘው፣ ተማሪን ከምንም በላይ የሚገፋው ጓደኞቹ ሲያደርጉት ማየቱ መሆኑን ነው። ይህን ዶርም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ሰቃዩ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ 7 ከ10 ሲያገኝ፣ ከሶፍት ኮፒ የገለበጠው 9 ካገኘ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ማን ሌሊት ይነቃል?

የእኛ አገር ሁኔታ ሌላም ነገር ይጨምርበታል። አንድ መምህር ብዙ ክፍል ያስተምራል፣ በዚያ ላይ ብዙ ተመራቂ ያማክራል፤ ኑሮው አልገፋ ብሎት ሌላ ቦታም ያስተምራል። ሃምሳ አሳይመንት አንብቦ ለእያንዳንዱ አስተያየት መጻፍ ስለማይችል የገጹን ብዛት አይቶ ማርክ ይሰጣል። ተማሪዎች ይህን ለማወቅ አንድ ሴሚስተር አይፈጅባቸውም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መሰጠቱ ደግሞ በጎ ጎንም ክፉ ጎንም አለው። የመጀመሪያውን ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ መሆናቸው፣ አራትና አምስት ዓመት ሲሰጥ የኖረው ማርክ ብዙ ጊዜ ባዶ እንደ ነበር አሳይቷል። ነገር ግን የመውጫ ፈተናው ምርጫ መምረጥ ነው፤ ማንበብን፣ መጠየቅን፣ መጻፍን አይለካም። አሁን ተመራቂው «ዋናው የመውጫ ፈተናው ነው» ብሎ መመረቂያ ጽሑፉን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲተወው አያለሁ። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ነገ ጤና ቢሮ፣ ባንክ፣ ፍርድ ቤት ገብቶ ሪፖርት የሚጽፈው ይኸው ልጅ ነው።

አንብቦና ጠይቆ መያዝ

ከቅጣት በፊት የሚሠራ አንድ አሮጌ መንገድ አገራችን ውስጥ አለ። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፣ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው እንዲሁ ነው። የሌላውን ቅኔ የኔ ነው ብሎ ማቅረብ አይቻለውም፤ መምህሩ ሰምቷልና ያውቀዋል፣ ምሥጢሩንም ይጠይቀዋል። እዚያ ኩረጃ የሚከለከለው በጥበቃ ብዛት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥራ የሚሰማው ጆሮ ስላለው ነው።

በኮሌጅም የሚሠራው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። መመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ተጠናቆ ከመቅረብ ይልቅ በምዕራፍ በምዕራፍ ይቅረብ፤ ተማሪው እያንዳንዱን ሲያስረክብ አማካሪው ፊት አምስት ደቂቃ ያስረዳ። መጠይቅ ከተበተነ፣ የተሞሉት ወረቀቶች ካርቶን ሙሉ ቢሆኑም ወደ ቢሮ ይምጡና አማካሪው አሥሩን በዘፈቀደ አውጥቶ ይይ፤ እስክሪብቶው፣ የእጅ ጽሕፈቱ፣ መልሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ይታያል። የግሩፕ ሥራ ላይ ማን የትኛውን ክፍል እንደ ሠራ በመጨረሻው ገጽ ይጻፍ፣ መምህሩም ከአምስቱ አንዱን መርጦ ሌላው ስለ ሠራው ክፍል ይጠይቅ። በየዓመቱ የማይቀየር ርእስ ሶፍት ኮፒውን ይዞ ይመጣልና ርእሱ ይቀየር፤ ተማሪው ባደገበት ወረዳ፣ በሚያውቀው ገበያ፣ በእናቱ ሥራ ላይ እንዲጽፍ ይደረግ።

አማካሪው ሃያ ተማሪ ከያዘና ይህ አይቻለኝም ካለ፣ የትምህርት ክፍሉ ከጥራዝ ብዛት ንባብን ይምረጥ። ሃምሳ ገጽ ሳይነበብ ከሚቀር አሥራ አምስት ገጽ ተነቦ ቢመለስ ተማሪው ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ በሁለተኛው ይማራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችን በኢንተርኔት ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ አገር አቀፍ የጥናቶች ማከማቻም አለ። የመጀመሪያ ዲግሪ ጥራዞችም እንዲህ ቢወጡ፣ ስሙን ሽፋኑ ላይ የሚያጽፍ ተመራቂ ጎረቤቱም፣ የሥራ ቀጣሪውም፣ ያጠናው ወረዳ ሰውም ሊያነበው እንደሚችል አውቆ ይጽፋል። ስሙ አብሮ የሚወጣ አማካሪም ሳያነብ ከመፈረሙ በፊት ያስባል።